ቺሊን በአንድ ጉዞ?

ለዕረፍት ቺሊን ያሰበ ሰው መጀመሪያ ካርታ ይግለጥ። አገሪቱ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች። ላይ ደረቁ የአታካማ በረሃ፣ ታች የፓታጎንያ የበረዶ ግግር። ታዲያ ሁለቱንም በ10 ቀን እጨርሳለሁ የሚል ዕቅድ እኔ አይዋጥልኝም። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ኤርፖርት ለኤርፖርት ሊያልቅ ነው እኮ! ቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክ ውስጥ «ደብሊው» የሚባለው የእግር መንገድ ብቻውን 4 ወይም 5 ቀን ይበላል፤ ያውም ነፋሱ ከፈቀደ። አንዱን ጫፍ ምረጡ። እኔን ከጠየቃችሁ ደቡቡን፤ ሞቃቱ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ዕረፍቱ ሰኔ ላይ የሚውልበት ግን አታካማ ይሻለዋል፤ ጃኬት ይያዝ እንጂ፣ የበረሃው ሌሊት ያንቀጠቅጣል።