ቤታችንን እንሥራ፦ ጣሪያ ላይ የሚወጣ መስኮት

ባለፈው ሳምንት ስለ ግድግዳ ልስን አንብበን ነበር። ዛሬ ወደ ጣሪያ እንወጣለን።

አንድ ቤት አለ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የቤቱ እመቤት ቤቱ ስለ ጠበባቸው በስተጓሮ አንድ ክፍል ቀጠሉ። የተቀጠለው ክፍል የድሮውን መስኮት ሸፈነው። መስኮቱ ዱሮ ወደ ደጅ ያይ ነበር፤ አሁን ወደ አዲሱ ክፍል ያያል። አዲሱ ክፍል ደግሞ አንዲት ጠባብ በር ብቻ አለችው። በአንድ ጎኑ ጎተራ፥ በሌላው ጎኑ የጎረቤት አጥር ነው። ሁለቱም ክፍሎች ጨለሙ።

እኛ አስተማሪዎቹ በቀትር ስንገባ ኩራዝ አብርተው ምስር ሲለቅሙ አገኘናቸው።

«እማማ፥ በቀን መብራት?» አልናቸው።

«ምን ላድርግ ልጆቼ! ክፍል ገዝቼ ብርሃኔን ሸጥኩ» አሉን።

ብርሃን በጎን መግባት ካልቻለ በላይ ይግባ ብለን ተነሣን። ቦታውን መረጥን። በአዲሱ ክፍል ጣሪያ ላይ፥ ከድሮው መስኮት ትይዩ ከፍ ብሎ። እዚያ ቢሆን አንዱ መስኮት ለሁለት ክፍል ያበራል። እስከዚህ ድረስ ደህና አሰብን። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ግን እናንተ አታድርጉ።

ወራጅ የምንለው ከላይ ወደ ታች ተጋድሞ ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት ነው። በዚያ ቤት በአንዱ ወራጅና በሚቀጥለው መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ነበር። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ብንመርጥ ኖሮ ምንም ወራጅ ሳይቆረጥ በመካከል ይገባ ነበር። እኛ ግን 1 ሜትር አማረን። ስለዚህ አንድ ወራጅ መቁረጥ ግድ ሆነ። ቆርቆሮውን አነሣን፤ መጋዙን አንሥተን ቆረጥነው። ጣሪያው ሲጥ አለ! የተቆረጠው ወራጅ የላይኛው ቁራጭ ወደ ታች አዘመመ። እማማ ልጆቹን እየጎተቱ ወጡ። ያን ጊዜ አፈርን።

አንድ ሽማግሌ አናጢ ተጠርተው መጡ። አልተቆጡንም። ወፍራም አጣና ከሥር አቁመው ጣሪያውን ደገፉት። ከዚያም «ልጆች፥ ይህ ወራጅ ሸክም ነበረበት። ሸክሙን ለማን ሰጣችሁት?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

እሳቸው የሠሩት እንዲህ ነው። ከተቆረጠው ወራጅ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ወራጆች በሌላ እንጨት ደረቧቸው። ድርቡ አጭር ቁራጭ አይደለም። ከድሮው ቤት ግድግዳ እስከ አዲሱ ግድግዳ የሚደርስ ሙሉ እንጨት ነው። ቀጥሎ ከመስኮቱ በላይና በታች ሁለት ጋድም እንጨቶች ከግራው ወራጅ እስከ ቀኙ አሰሩ። የተቆረጠው ወራጅ ሁለት ጫፎች በእነዚህ ላይ ተመቱ። አሁን ሸክሙ መንገድ አገኘ። ከቁራጩ ወደ ጋድሙ፥ ከጋድሙ ወደ ድርቡ ወራጅ፥ ከወራጁ ወደ ግድግዳ ይወርዳል። ድጋፉ የተነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በሁለቱ ወራጆች መካከል ያለው ቦታ ለመስኮቱ ሰፊ ነበር። አናጢው በሁለቱ ጋድሞች መካከል አጫጭር ቋሚዎች አስገብተው አጠበቡት። ክፍተቱን 102 ሳንቲ ሜትር አደረጉት እንጂ ልክ 100 አላደረጉትም። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። በግራ 1፥ በቀኝ 1 ሳንቲ ሜትር ከሌለው መስኮቱ ይነክሳል። እንጨቱም የደረቀና ልጡ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሁን። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል።

ክፍሉን ገና ልትቀጥሉ ያሰባችሁ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ወራጅ ሳትሰቅሉ በፊት መስኮቱን ለኩ፤ ልኩን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ክፍተቱን ከመጀመሪያው ተዉለት። መጋዝና ድጋፍ አያስፈልግም።

ቀሪው የውኃ ነገር ነው። የመስኮቱ ማቀፊያ ከቆርቆሮው በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ዙሪያውን በላሜራ ይሸፈን። የላይኛው ላሜራ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ። የታችኛው ላሜራ ከታች ባለው ቆርቆሮ ላይ ይረፍ። ይህ ከተገላበጠ ዝናቡ ወደ ቤት ይገባል። እኛም አንዱን ማዕዘን አገላብጠን ስለ ነበር በመጀመሪያው ዝናብ እማማ ድስት ደቅነው አደሩ። የቆርቆሮ ሚስማር በጉብታው ላይ ይመታ፤ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታ። በረዶ በሚጥልበት አገር መስታወቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ቢደረግ መልካም ነው። ጣሪያችሁ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ስለሚገባ መስኮቱን አታስፉት።

ባለፈው ቅዳሜ እማማን ልንጠይቅ ሄድን። ምስሩ ሰፌድ ላይ ነው። ኩራዙ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። «ጠጠሩ እንኳ ታየኝ፤ ግን ያ ድስት ገና ቂም ይዞባችኋል» ብለው ሳቁብን።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አሸንዳ እናነባለን።