የአዛውንቶችን ክብደት ማን ያነባል?

ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ጎራ ያለ ሰው በሕፃናት ክፍል ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ማየቱ አይቀርም። የሕፃኑ ክንድ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ባለሙያዋ ታውቃለች። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ይለካሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይኸው ሥራ እስከ ቀበሌ ወርዷል። ሊናቅ የማይገባው ውጤት ነው።

በዚያው ግቢ፣ በሌላኛው ወረፋ የግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚጠብቁ አዛውንቶች ተቀምጠዋል። እነርሱስ? አልፎ አልፎ ይመዘናሉ፤ ቁጥሩም ካርዳቸው ላይ ይሰፍራል። የዛሬውን ካለፈው ቀጠሮ ጋር የሚያስተያየው ግን ከስንት አንድ ነው። አንዲት የ72 ዓመት እናት በመስከረም 54 ኪሎ፣ በታኅሣሥ 49 ኪሎ መዘኑ እንበል። «ግፊትዎ ጥሩ ነው» ተብለው መድኃኒታቸውን ይዘው ይሸኛሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል።

እርጅና ብቻውን በሦስት ወር አምስት ኪሎ አይወስድም። ከኋላው የወለቀ ጥርስ፣ ድብርት፣ ቲቢ፣ ካንሰር፣ ምግብ የሚያስጠላ መድኃኒት ወይም ባዶ ጓዳ ሊኖር ይችላል። ክብደቱ ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲሄድ መውደቅና መሰበር ይከተላል።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለአረጋውያን እንክብካቤ ያወጣው መመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት እንዲጠየቁ ያዘዘው ሁለት ነገር ነው፤ ባለፉት ሦስት ወራት ሳያስቡት ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል ወይ? የምግብ ፍላጎትዎስ ቀንሷል ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ስድስት ጥያቄ ያለው፣ ከ14 ነጥብ የሚታሰብ መመዘኛ አለ፤ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው በምግብ እጥረት ተጎድቷል ማለት ነው። ወገባቸው የጎበጠ ሰው ቁመት በትክክል ስለማይለካ በምትኩ የባት ዙሪያ መለካት ይቻላል። መመዘኛው ውጭ አገር የተሠራ እንደ መሆኑ ልኮቹ ለእኛ ሰው መስማማታቸው መፈተሽ አለበት፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ለመጀመር ግን ይህን መጠበቅ አያሻም።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ግን የእኛን ቤት ማወቅ ይጠይቃል። ጨው ተዉ፣ ቅባት ተዉ፣ ስኳር ተዉ የተባሉ አዛውንት ምን ይብሉ እንደሆነ የሚነግራቸው ሳያገኙ ከማዕዱ ቀስ በቀስ የሚሸሹበት ጊዜ አለ። ጾሙም አለ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታቅላለች፤ እናቶቻችን ግን ለራሳቸው አያቀሉም። ባለሙያዋ ይህን በአክብሮት ጠይቃ፣ ጾሙን ሳትነካ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፉን እንዲያበዙ ልትመክር፣ ካስፈለገም የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ልትነግራቸው ትችላለች። ልጆች ከውጭ ገንዘብ ስለላኩም እናት በልታለች ማለት አይደለም። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስጠላ የኖረችበት ታውቀዋለች።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲል ምግብ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምናም ጭምር ነው። ነገር ግን ልጁን በቀለብ የሚከስ ወላጅ ስንት ነው? ከመክሰስ መራብ የሚቀላቸው ይበዛሉ። ስለዚህ ዕዳው እንዳልተከፈለ ቀድሞ ሊያይ የሚችለው ዳኛው ሳይሆን ጤና ጣቢያው ነው። ይህ ማለት ነርሷ ሰላይ ትሁን ማለት አይደለም። አዛውንቷ ከፈቀዱ ጉዳዩን ወደ ወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የምታስተላልፍበት የታወቀ መንገድ ይኑራት ለማለት ነው።

«ለሕፃናት ያልበቃ በጀት ለአዛውንት ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ራሱ መንግሥት አረጋውያንን የሚረዳው የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ ነው ይላል። አልሚ ምግብ ማደል፣ ጥርስ መተካት አቅም ይጠይቃል፤ በዚህ ላይ መከራከር ይቻላል። ሁለት ጥያቄ መጠየቅና የዛሬውን ኪሎ ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ግን ከየትኛውም የኢኮኖሚ አቅም በላይ ነው ሊባል አይችልም።

ስጋቴ ሌላ ነው። ጥያቄዎቹ ሌላ የሚሞላ ቅጽ ሆነው ለሩብ ዓመት ሪፖርት ብቻ እንዳይውሉ። ተጠይቃ «አዎ፣ ቀንሻለሁ» ብላ ምንም ያልተደረገላት አዛውንት በሚቀጥለው ቀጠሮ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። ስለዚህ ጤና ቢሮዎች ጥያቄዎቹን ካርዱ ላይ ከማተማቸው በፊት «አዎ» ላለ ሰው በዚያው ቀን ምን እንደሚደረግለት፣ ማን ዘንድ እንደሚላክና በስንት ሳምንት ተመልሶ እንደሚመዘን ይጻፉ።