ስኩተሩ የልጅ፣ መንሸራሸሩ የቤተሰብ

በዛሬው የአስተያየት ዓምዳችን የማነሳው ስለ ጨዋታ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን አስተያየት ያስፈልገዋል?» እንዳትሉኝ። የእኔ ሐሳብ፣ ከቤተሰብ ጋር ወጥቶ መንሸራሸር ቅንጦት አይደለም የሚል ነው። ለመውጣት ደግሞ በእግር የሚገፋው ስኩተር ጥሩ ሰበብ ይሆነናል።

መጀመሪያ ስለ ስኩተሩ ትንሽ ላውራ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናየውን፣ ታጥፎ በእጅ የሚያዘውን ትንሽ ስኩተር ያስፋፋው ዊም ኡቦተር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሰውየው ምግብ ሊገዛ ፈለገ፤ ቦታው በእግር ለመሄድ ራቀው፣ መኪና ለማስነሳት ደግሞ ቀረበው። በዚህ ምክንያት ነው ስኩተር መሥራት የጀመረው። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ስዊዘርላንድን አልጠበቁም። ከጣውላና ከጋራዥ ከሚጣል አሮጌ ኩሽኔታ ራሳቸው ይሠራሉ። ሲመጡ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ ጥሩምባ እንኳን አያስፈልጋቸውም!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። «እሁድ እንውጣ» ስንል ከቤት የምንሰማቸው መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ገንዘብ የለም» ነው። መዝናናት ሲባል ወላጆቻችን ቶሎ የሚታያቸው ሶደሬ ወይም የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ነው። ፍል ውሃው፣ ጦጣዎቹ፣ አዋሽ ወንዝም አለ። ግን የስድስት ሰው ትራንስፖርት፣ መግቢያና ምሳ ሲደመር ለብዙ ቤት ይከብዳል፤ ይህ እውነት ነው። ታዲያ ሶደሬ ካልተሄደ ቤት መዋል አለብን እንዴ? ሰፈር ውስጥ ያለ ሜዳ መግቢያ አይጠይቅም። ቆሎና ውሃ ይዞ መውጣት ይቻላል። አንድ ስኩተር ለአራት ልጅ በተራ ይበቃል። ነፋሱም በነፃ ነው። ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ማማዎች እዩዋቸው፤ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት 51 እና 153 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። ያን ሁሉ መብራት የሚሰጥ ነፋስ ለእኛ ለአንድ ሰዓት አይበቃንም?

ሁለተኛው መልስ «አደጋ አለው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር እስማማለሁ። ከተማችን ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉባት ናት፤ ባጃጁም ብዙ ነው። በኩሽኔታ የሚሠራው ስኩተር ደግሞ ፍሬን የለውም። ስለዚህ አስፋልት ላይና ወደ አስፋልት በሚወርድ ቁልቁለት መንዳት የለብንም። ጫማ ሳናደርግ አንንዳ። በእኩለ ቀን ፀሐይ ሳይሆን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ እንውጣ። ግን ልብ በሉ፤ አደጋው የሚበዛው ልጆች ብቻቸውን ሲወጡ ነው። ትልቅ ሰው አብሮ ሲወጣ ልጁ ቁልቁለቱን ይተዋል፣ ባለ ባጃጁም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አደጋውን ፈርቶ ከመከልከል አብሮ መውጣት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው መልስ «ጊዜ የለኝም» ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው። አባቴ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እሁድም ይሠራል። ማታ ደክሞት ሲገባ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኛል፣ እኔም «ጥሩ ነው» እላለሁ፤ በቃ፣ ወሬያችን እዚያ ላይ ያልቃል። አንድ እሁድ ግን ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ታናሽ እህቴን ስኩተር ሊያስነዳ ከእኛ ጋር ወጣ። እሷ ከፊት ስትነዳ እኛ ከኋላ ስንከተል፣ ሳልጠየቅ በሒሳብ ያስቸገረኝን ክፍልፋይ ነገርኩት። እሱም በልጅነቱ ሒሳብ ያስቸግረው እንደነበር ነገረኝ። ይህን ቤት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እሁድ ወንድሜ ሲጫወት እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ ቡና አቀርባለሁ። ብዙ የክፍላችን ሴት ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ሴት ልጅ ብቻዋን ሜዳ ስትወጣ የሚናገር ጎረቤት አይጠፋም። ቤተሰብ አንድ ላይ ሲወጣ ግን «እሷ ትቅር» የሚል የለም። ሥራውንም ተጋግዘን ቶሎ እንጨርሰዋለን። ለእኔ የቤተሰብ ሽርሽር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

«ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚል ተረት አለ። አባቶችን ባከብርም በዚህኛው አልስማማም። እንጨቱን ስኩተር ካደረግነው ማንንም አይወጋም! የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለን ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታችንን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንድንሠራ ይመክራል። ስልክ ይዞ መቀመጥ ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወላጆች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን። የሚሠራ አባት ጠዋት፣ ገበያ የምትውል እናት ደግሞ ማታ ሊመቻት ይችላል። መምህራኖቻችን፣ ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ወላጅ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ይከፈትልን፤ አጥር ስላለው መኪና አይገባበትም። የከተማችን ኃላፊዎች ደግሞ በወር አንድ እሁድ ጠዋት በየሰፈሩ አንድ የውስጥ መንገድ ይዝጉልን። አዲስ ነገር አይደለም፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ሮጦበታል፣ ብስክሌት ነድቶበታል። ለትልልቆቹ ዋና መንገድ ከተዘጋ ለእኛ አንዲት ኮብልስቶን ብትዘጋ ምን አለበት?

ልጆች፣ እኛም ድርሻ አለን። ዛሬ ማታ «ገንዘብ ስጡኝ» ሳይሆን «እሁድ አብረን እንውጣ» ብላችሁ ጠይቁ። የተባላችሁትን መልስ ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። በሐሳቤ የማይስማማም ይጻፍልን።

ቸር እንሰንብት!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 6ኛ ክፍል