ገንቦው ቤተ መንግሥት ገባ፤ ሠሪዋስ?

ከቤሌ ተነሥተን ስድስት ኪሎ የደረስን ተማሪዎች ነን። በገነተ ልዑል ደጃፍ በየቀኑ እናልፋለን፤ ከአትክልቱ ጥላ ሥር ደብተር ዘርግተን እናነባለን። ትናንት ባለጉዳይ ደጅ ይጠናበት በነበረ ግቢ ዛሬ የገበሬ ልጅ እግሩን ዘርግቶ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እንጠይቅ፦ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሲሆን የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው ወይስ እኛም?

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ያሠሩት ይህ ቤት በወረራው ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው፤ በዚያ ሰበብ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም እዚሁ ነው። ከዚያ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ንጉሥ ይኖርበት በነበረው ቤት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ መስቀል፣ ክራር፣ ከየአገሩ የመጣ የገበሬና የባለእጅ ዕቃ ገባበት። ፈረንሳዮች የነገሥታታቸውን ሉቭር በ1793 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፍቱ እንዳደረጉት፣ የተለወጠው የቤቱ ባለቤት ነው። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው!

አንዳንዱ ግን «ሙዚየም ቅንጦት ነው፤ ለቤሌ ውሃና መንገድ ይቅደም» ይለናል። ውሃውም መንገዱም ይምጣ፤ ማን ጠላ? ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. ጦር በወላይታ ላይ ዘምቶ ካዎ ጦና ሲማረክ፣ አብሮ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ነው። የራሱን ነገር ሰብስቦ ያላስቀመጠ ሕዝብ ታሪኩን ከእንግዳ ሲለምን ይኖራል።

ሌላው ደግሞ «ዕቃው ከተቀመጠ ምን ጎደለ?» ይላል። የጎደለው ሰው ነው! በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጪናሻ እየተባለ በጋብቻም በማዕድም ሲገለል ኖሯል። ገንቦዋን ገበያ ወርደን እንገዛለን፣ ውሃ እንቀዳባታለን፣ በድስቷ ወጥ እንሠራለን፤ የሠራችውን እጅ ግን እንጸየፋለን። ያው ገንቦ በመስተዋት ሲገባ «ቅርስ» ብለን አንገታችንን ደፍተን እንጎበኘዋለን። ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ገንቦን አክብሮ ሠሪዋን መናቅ ግብዝነት እንጂ ባህል መውደድ አይደለም። የተማረው ወገን ይህን ነውር «ባህላችን ነው» እያለ መሸፈኑን ይተው።

እንግዲህ የምንለው ግልጽ ነው። በየትም ሙዚየም የሚቀመጥ የሸክላ፣ የሽመና፣ የብረት ሥራ የሠሪው ስምና መንደር ይጻፍለት። ሸክላ ሠሪዋ ለትርኢት ሳይሆን ለማስተማር ትጠራ፤ እንደ ማንኛውም መምህር ይከፈላት። በቤሌ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለአገሩ ዕቃ ይሰጥ፤ ልጆቹ ዱንጉዛው እንዴት እንደሚሸመን፣ ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር ከባለሙያው አፍ ይስሙ። ከሁሉም በፊት ግን ሰርግና ለቅሶ ላይ ባለእጁን ከዳር አንሥተን መሐል እናስቀምጥ።

ፋሺስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር በገነተ ልዑል ግቢ የገነቡት ደረጃ ዛሬም ቆሟል፤ አናቱ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ድንጋይ እንኳ ትርጉሙ ተገልብጧል። የሰውን ክብር መመለስ ከዚህ ይከብዳል የሚለን ካለ ወጥቶ ይከራከረን!