ከቅባቱ በፊት መንሥኤው ይመርመር

የሰው ልጅ ከሚታመማቸው ሕማማት መካከል የቆዳ ሽፍታ ለዓይን የተገለጠ ሆኖ ሳለ፣ መንሥኤው ግን ብዙ ጊዜ የተሰወረ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ወይም በባቱ ላይ ማታ ማታ እያሳከከ እንቅልፍ የሚነሣው፣ ጥቂት ቀን ደብዘዝ ብሎም እንደ ገና የሚያገረሽ ሽፍታ ያለበት ሰው፣ አዘውትሮ የሚያደርገው ወደ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሱሪውን ሰብሰብ በማድረግ «ለዚህ የሚሆን ቅባት ስጡኝ» ማለት ነው፤ ሻጩም የሐኪም ማዘዣ ሳይጠይቅ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ ይሰጠዋል። ያ ያልሻለው እንደ ሆነ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ያልሻለው እንደ ሆነ ጎረቤቱ የተረፈውን ያውሰዋል። ለሳምንታት አልለቅ ያለ ሽፍታ ግን የሚሻው አዲስ ቅባት ሳይሆን ምርመራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው መድኃኒት በቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያበርድ ከታወቀ ወዲህ፣ እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት ብርቱ ወገኖቹ ለብዙ ሕመምተኛ ዕረፍት ሰጥተዋልና መድኃኒቱን ራሱን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ኃይሉ የቆዳን ቍጣ በማብረድ ላይ እንጂ ፈንገስን በመግደል ላይ ስላይደለ፣ ከፈንገስ በሚመጣው ጭርት ላይ የተቀባ እንደ ሆነ ቅላቱ ይቀንሳል፣ ማሳከኩ ይታገሣል፣ ክቡ ጠርዝም ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ያለ ከልካይ ይስፋፋል፤ ቅባቱ በቆመም ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ ሰፍቶ ይመለሳል። እንዲህ መልኩን ለውጦ የሚደበቀው ጭርት እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ተለይቶ ተጽፏል። ዛሬም ብርቱው ቅባት እንደ ሳሙና በሚሸጥበት አገር ሁሉ ሐኪሞች ይኸንኑ ያያሉ።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በቆዳ ላይ ምልክት የታየበትን ሰው ካህኑ ወዲያው አይፈርድበትም፤ ነገሩ ካልተገለጠለት ሰባት ቀን አቆይቶ እንደ ገና ይመለከተዋል። የዛሬው መልካም ሐኪምም ሥራውን የሚጀምረው በመመልከትና በመጠየቅ ነው። ሽፍታው በአንድ እግር ነው ወይስ በሁለቱም? ከጫማው ማሰሪያ በታች ይጀምራል ወይስ ከካልሲው ላስቲክ? ከቤተ ሰቡ ሌላ ሌሊት የሚያከው ሰው አለ? እስከ አሁን ምን ተቀባ? ሕመምተኛውም ከጎረቤት የተዋሰውን ቅባት ሳይቀር በግልጥ መናገር አለበት፤ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለው በከንቱ አይደለምና።

ከዚህ በኋላ እንደ ምልክቱ መንገዱ ይለያያል። ሌሊት የሚብስና መላውን ቤት የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜም የሚታከመው አንዱ ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡ በሙሉ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆዳው ጠቍሮ እግሩ ማታ የሚያብጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ ደምን ወደ ልብ መመለስ ያቃታቸው የደም ሥሮች ሊሆን ይችላል። ሽፍታው የጫማውን ቅርጽ ተከትሎ የወጣ እንደ ሆነ፣ ቆዳ በሚለፋበት ጊዜ የሚገባው ክሮሚየም ወይም የጫማው ላስቲክና ሙጫ ይመረመራል፤ ይህም የተጠረጠሩትን ነገሮች በጀርባ ላይ ለጥፎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንሥቶ፣ ከጥቂት ቀንም በኋላ ደግሞ በማየት ይታወቃል። ቆዳው ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይ አይገባም፤ ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና፤ ደዌውም በጊዜ ከተደረሰበት ፈጽሞ ይድናል።

ሰዎች መንሥኤውን በሌላ ቦታ ሲፈልጉ ምን ያህል ዘመን እንደሚባክን የዝሆኔ በሽታ ታሪክ ያሳየናል። በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎችም ደጋማ ስፍራዎች ባዶ እግሩን የሚያርስ ገበሬ መጀመሪያ እግሩን ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ እግሩ እያበጠ ቆዳው ይሻክራል። ሕዝቡ እርግማን ነው እያለ ከዚያ ቤት ጋር ጋብቻ ይሸሽ ነበር፤ ከሕክምና ሰዎችም ብዙዎቹ ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ነው ብለው ያስቡ ነበር። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በሽታው የሚበዛበትን ስፍራና ከእግር በታች ያለውን አፈር አብሮ በመመርመር፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው ጽሑፎች ነገሩን ወደ ቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር መለሰው፤ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በባዶው እግር ቆዳ አልፎ የሚገባ ሲሆን፣ በትውልድ የተጋለጠውን ሰው ይጎዳል። መንሥኤው እንዲህ በተገለጠ ጊዜ መከላከያው ጫማ፣ ሕክምናውም በየዕለቱ እግርን በሳሙና ታጥቦ ማለስለስ ሆነ።

«ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል፤ ነገሩም በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጭርትን ለማወቅ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፤ ባለሙያው የሽፍታውን ጠርዝ በደነዘዘ ምላጭ ፋቅ አድርጎ የረገፈውን ቅርፊት በመስተዋት ላይ ያኖራል፣ አንድ ጠብታ የፖታሲየም ውሕድ ያፈስበታል፣ ጥቂት ደቂቃም ቆይቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ቅርንጫፍ ያላቸው ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ይታዩታል። ወባንና የሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር ብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ማይክሮስኮፕ አላቸው፤ የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ቆዳንም እንዲያይ ማዘዝና ባለሙያውን ማሠልጠን ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሥልጣኖች ይህን ቀላል ምርመራ በየጤና ጣቢያው እንዲያስጀምሩ፣ መድኃኒት ቤቶችም ብርቱውን ቅባት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ እንለምናለን፤ አንባቢም ሽፍታው ሳምንታት አልፈውት ካልለቀቀ ሦስተኛ ቅባት ከመግዛቱ በፊት እግሩን ለባለሙያ ያሳይ።