የሰመራ 4 እና የአዲስ አበባ 4

«ረካ» መጀመሪያውኑ የውኃ ቃል ነው። የጠማው ሰው ጠጥቶ ይረካል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ባለፈበት ቀን በአፋር ክልል ዋና ከተማ በሰመራ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ግን ቃሉን ከውኃው ነጥለን «የሥራ እርካታ» አልነው፤ ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ መጠይቅ ላይ አስፍረንም ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጠነው። ከዚያ የአንዱን ከተማ አማካይ ከሌላው ጎን አስቀምጠን «እነዚህ ከእነዚያ ይበልጥ ረክተዋል» እንላለን። ይህ ልማድ ስሕተት ነው፤ ሠራተኛውንም ይጎዳል።

መጠይቁን በእጃችሁ ያዙት። «አለቃዬ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም» ይላል፤ ከጎኑ «አልስማማም» የሚል ምርጫ አለ። አፉን በአፋርኛ የፈታ ሠራተኛ በሁለተኛ ቋንቋው ሁለት አሉታ አጋጭቶ አዎንታ ማውጣት አለበት። ባለ አማርኛውም ይደናገራል። ወረቀቱን ያደለው የሰው ሀብት ክፍል ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ያለችው 3 «ገለልተኛ ነኝ» ሳትሆን «ሆድ ይፍጀው» ልትሆን ትችላለች። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትሉት «አልሐምዱሊላህ» ይላችኋል። ምስጋና ነው እንጂ መልስ አይደለም፤ የበረሃ አበሉ መዘግየቱን የሚነግራችሁ ቆይቶ፣ ካመናችሁ በኋላ ነው።

ተመራማሪዎች «ወደ አማርኛ ተርጉመን መልሰን ወደ እንግሊዝኛ አመሳክረናል፤ ክሮንባክ አልፋውም ከ0.7 በላይ ነው» ብለው ይከራከራሉ። አልፋ የሚያሳየው ጥያቄዎቹ በአንድ ቡድን ውስጥ አብረው መሄዳቸውን ብቻ ነው። የሰመራ 4 ከአዲስ አበባ 4 ጋር እኩል መሆኑን አያሳይም።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። የባህል ተመራማሪው ጌርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከአይቢኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ የዓለምን ባህሎች ሲያነጻጽር ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን ጠቅልሎ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ውጤት ሰጣቸው። አፋርና አማራ ቀርቶ አራት አገር በአንድ ቁጥር!

የመጠይቁ ቋንቋ ከሠራተኛው ቋንቋ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት አዋሽ ሰባት ኪሎን ውሰዱ፤ ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት። በአሮጌው ባቡር ዘመን የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ አዲሱን ባቡር መጀመሪያ ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የጣቢያው ሠራተኛ ግን በደሉን የሚያወራው በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው።

አፋር ደግሞ መረጃ መሰብሰብን ከማንም አይማርም፤ ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ግጦሹን፣ ውኃውን፣ የመንገዱን ደኅንነት በተራ ይነጋገራሉ። ሰሚው ይጠይቃል፣ ከማን እንደተሰማ ያጣራል። መጠይቃችን ይህን ሁሉ ዘልሎ በእርሳስ ክብ አድርግ ይላል።

ጥናት አማካሪ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን መጀመሪያ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው፤ ሠራተኛውን በቋንቋው ያዳምጡት፤ ጥያቄው ከዚያ ይጻፍ። የሰመራን ቢሮ ከአምናው የሰመራ ቢሮ ጋር አነጻጽሩ። ትርጉሙ በሁለቱም ቦታ አንድ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን የሰመራንና የአዲስ አበባን አማካይ በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀመጠ ጽሑፍ አታሳልፉ።