የአቧራው ሙግት፦ የድሮ ሸክላ ቤት ውስጥ ይታጠብ ወይስ አይታጠብ?

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የወላጆቻቸውን የሙዚቃ ሸክላ ከመሃል ከተማ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ሸክላው አርጅቷል፣ የሰፈሩ አቧራም አይጣል ነው። በውሃ ጥራት ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ነዋሪና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በጉዳዩ ላይ በየፊናቸው ጽፈዋል፤ ኋላም አንዳቸው የሌላቸውን ጽሑፍ አንብበው መልስ ሰጥተዋል።

ይታጠብ

በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ሸክላ ላይ ያለ የሦስት ደቂቃ ዘፈን እስኪያልቅ ሸክላው 135 ጊዜ ይሽከረከራል። መርፌው በዚያ ጊዜ የሄደበት ቦይ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል፤ ስፋቱ ግን ከአንድ ፀጉር አይበልጥም። ድምፁ የተቀረጸው በዚያ ቦይ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ከተፋቀ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ሰፈር ግንባታው አላቆመም። የጭነት መኪናው ቀን ከሌሊት ያልፋል፤ መስኮት ዘግተን እንኳ ጠረጴዛው ማታ በጣት ይጻፍበታል። ይህ አቧራ የቤት ብናኝ ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶና አሸዋ አለበት። አሸዋ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፣ ሸክላው የተሠራበት ፒቪሲ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ሲሊካ ፕላስቲክን ይቧጭራል። ያልታጠበ ሸክላ ላይ መርፌ ማስቀመጥ ማለት አሸዋውን በ60 ሜትር ግድግዳ ላይ መፍጨት ማለት ነው። በጨርቅ የሚነሣው የላይኛው አቧራ ብቻ ነው፤ ከቦዩ ሥር የተጣበቀውን፣ በተለይ በክረምት እርጥበት ሻጋታ ያበቀለውን፣ ከውሃ በቀር የሚያወጣው የለም።

ለምን እንደምጨነቅ ቁጥሩ ይናገራል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ያወጣው 103 ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላና 12 ትልልቅ አልበም ነው። ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉትን አሳታሚዎች ጨምረን፣ ሸክላ መታተሙ እስከ ቆመበት እስከ 1978 ድረስ ያለውን ብንቆጥር፣ የዚያ ዘመን ትንንሽ ሸክላዎች በዓይነት 500 ገደማ፣ አልበሞቹ ደግሞ 30 ገደማ ናቸው። የአንድ አገር ወርቃማ የሚባል ዘመን በዚህ ያበቃል። በቆሸሸ ሸክላ ላይ የሚሄድ እያንዳንዱ መርፌ ከዚህ ትንሽ ክምችት ላይ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ሙያዬ እሱ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዟል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ማዕድን ያለበት ውሃ ቢሆንና ሸክላው ላይ 5 ሚሊ ሊትር ቢደርቅ፣ አንድ ሚሊግራም ተኩል ድንጋይ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። አቧራ አጥበን ድንጋይ ተከልን ማለት ነው። ውሃ ማፍላት ማዕድኑን ሁሉ አያወጣውም። የሚያስፈልገው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ነዳጅ ማደያና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው። የባትሪ አሲድ ከጎኑ ስለሚቀመጥ ጽሑፉ ሳይነበብ አይገዛ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለሸክላ ማጠቢያ የሚመክረው ተርጂቶል የሚባል ማጽጃ ነው፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ ጥቂት ብቻ። እኛ ጋ ስለማይገኝ፣ ቀለምና ሎሽን የሌለበት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የዱቄት ሳሙና አይነካካው። መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ በሰፊ ክዳን ይሸፈን። ለስላሳ ብሩሽ የቦዩን አቅጣጫ ተከትሎ ይዙር፤ ተሻግሮ አይፈተግ። ከዚያ በሌላ ዲስቲልድ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሳሙና ቦይ ውስጥ ከደረቀ መርፌው ላይ ይጣበቃል። አልኮል የሚጠቀሙ አሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፁን እንደቀረጸባቸው ያሉ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ከሼላክ የተሠሩ ናቸው፤ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ለእነሱ አልኮል መርዝ ነው።

ብዙ ሰው ሸክላ የሚያበላሸው ግን ሲያጥብ ሳይሆን ሲያደርቅ ነው። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል፤ ኤሌክትሪክ የያዘ ፕላስቲክ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አቧራ ሁሉ ይስባል፤ በተለይ በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ከሁሉ ይከፋል። ፒቪሲ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ነገር ደግሞ በእኛ ከፍታ ፀሐይ ቶሎ ይግላል። በረንዳም አይሆንም፤ ነፋሱ እርጥቡ ሸክላ ላይ አዲስ አቧራ ይለጥፋል። ከቤታችን ክፍሎች አቧራ የማይገባበት መታጠቢያ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ በሩ ይዘጋል። ውሃው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳይፈተግ ጫን ጫን ተደርጎ ይነሣ፤ ከዚያ ሸክላው የሰሃን መደርደሪያ ላይ ጠርዙ ብቻ እየነካ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ከሌላው ተራርቆ ይደር። ጠዋት አዲስ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ ይግባ። የድሮው የውስጥ ወረቀት አቧራና ሻጋታ ስላለበት ይወገድ። ወሩን መምረጥ የሚችል ሰው ጥቅምትን ይምረጥ፤ ዝናቡ አልፏል፣ አቧራውም ገና አልጨመረም።

ይህ አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከማጫወት በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው።

አይታጠብ

አንዲት ጎረቤቴ እናቷን ቀበረች። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ልጆቹ ዕቃ ሲከፋፈሉ ለእሷ የደረሳት አንድ ካርቶን ሸክላ ነበር። እናቷን የምትወድ ልጅ ናት። ውሃ የመጣ ቀን ሳፋ ሞልታ፣ ሳሙና በጥብጣ፣ ከካርቶኑ የተወሰኑትን አውጥታ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን አጠበችና በረንዳ ላይ ደረደረችው። ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። ሸክላዎቹ ጎብጠዋል። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል፣ ቀለሙ ፈሷል። አንዱ ላይ እናቷ በተማሪነት ዘመኗ በሐምራዊ ቀለም ስሟን ጽፋበት ነበር፤ ከሥሩም የሌላ ሰው ስም አለ። ማን ነው? የአባቷ አይደለም። ልጅቱ ከእናቷ አፍ ሰምታው የማታውቅ ስም ነው፤ አሁን ፊደሉ ፈሶ ወይ ሙሉ አይነበብ፣ ወይ አይጠፋ። ካርቶኑን ታቅፋ የእኔ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ቀን ያየሁትን ሌላ ቤት ማየት አልፈልግም።

እነዚህ ሸክላዎች ወደ ቤታችን እንዴት እንደገቡ ወጣቶች አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሡ ድንጋጌ ሸክላ ማስመጣትንም ማሳተምንም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። የአምሃ ሬከርድስ ባለቤት አምሃ እሸቴ በ1969 ገና የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ሳለ ያን ድንጋጌ ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ አሳተመ። ሊታሰር ይችል ነበር። በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። ሰዓት እላፊው መጣ፣ ጭፈራ ቤቱ ማታ ማታ ጸጥ አለ፣ ካሴት መጣ፣ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ አጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሸክላውን ከቤት ቤት፣ ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ሳያጫውቱት እንኳ ይዘው የዞሩት እናቶች ናቸው። እነሱ ያልጣሉትን እኛ በሳፋ እናጥፋው?

የእኔ አቋም ቀላል ነው። ዛሬ ያልታጠበ ሸክላ የዛሬ አሥር ዓመት፣ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ እጅ ሲገኝ፣ ሊታጠብ ይችላል። ዛሬ የተበላሸ ግን አይመለስም። ዋናው ቴፕ የጠፋ ዘፈን ከሆነ በዓለም ላይ የቀረው ያ ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ካርቶን የወረሰች ልጅ በምን ታውቃለች? ስለዚህ ውሃ አይንካው። በለስላሳ ብሩሽ አቧራው ይጠረግ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ፣ ቁጥሩም ማኅተሙም የእጅ ጽሑፉም፣ ፎቶ ይነሣ፤ ደህና መርፌ ባለው ማጫወቻ አንዴ ይቀዳና ሸክላው ይረፍ።

አቧራ አለበት፣ ይንጣጣል ይሉኛል። ይንጣጣ። እኔ ያን ድምፅ የማውቀው ሰው በተሰበሰበበት ቤት ነው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት መርፌው ሲነካ የሚሰማው መንጣጣት ለእኔ ዘመኑ ራሱ ነው፤ እሱን አጥበው ሲያወጡት ያደግሁበትን ቤት ያወጡብኛል።

የእሷ መልስ

ጋሼ፣ ስለ ጎረቤትዎ ከልቤ አዝናለሁ። ሸክላዎቹን ያጎበጣቸው ግን የበረንዳው ፀሐይ ነው፣ ወረቀቱን የላጠውም ሳይሸፈን ሳፋ ውስጥ መነከሩ ነው። ሁለቱንም አይሁን ብያለሁ።

ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ስለ መንጣጣቱ የጻፉትን ነው። ግርማ በየነ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ሲያቀናብር መንጣጣት አልጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድና አይቤክስ ባንድ «እሬ መላ መላ»ን ሲቀርጹ ቤዙ፣ ከበሮው፣ ሳክሶፎኑ እያንዳንዱ በቦታው እንዲሰማ ደክመዋል። መንጣጣቱን የጨመረው አቧራ ነው። ዘመኑ ራሱ ነው ሲሉ የእነዚያን ሰዎች ድካም ለቆሻሻ አሳልፈው መስጠትዎ ነው። ከበሮ መቺው በጨረፍታ ሲምባሉን ሲነካ የሚወጣው ስስ ድምፅ ከአቧራ ድምፅ ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አቧራው ሲንጣጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። እኔ የተወለድኩት ካሴትም ሊያልቅ ሲል ነው። እነዚያን ሙዚቀኞች መድረክ ላይ አላየኋቸውም፤ ያለኝ ሸክላው ላይ ያለው ብቻ ነው። እርስዎ ያደጉበትን ቤት ያስታውሱበታል፤ እኔ ደግሞ እነሱ የተጫወቱትን መስማት እፈልጋለሁ።

ቀድቶ ማሳረፍ ያሉትም በቆሸሸ ሸክላ ከሆነ የሚቀዳው ቆሻሻው ነው።

የእሳቸው መልስ

ልጄ፣ ቁጥርሽን ሁሉ አነበብኩ። ስድሳ ሜትሩን፣ ሚሊግራሙን፣ ዲግሪውን። በአንቺ እጅ ሸክላ ቢታጠብ እንደማይበላሽ አምናለሁ። ግን መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፤ «የድሮው የውስጥ ወረቀት ይወገድ» ብለሻል።

ያ ወረቀት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በእኛ ጊዜ ሸክላ ከሰው ሰው ይዞር ነበር። ለድግስ ይዋሳል፣ ለሰርግ ይዋሳል፣ የታመመ ጓደኛ እንዲሰማው ይላካል። እንዳይጠፋ በወረቀቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ የተገዛበት ሙዚቃ ቤት ማኅተም ያርፍበታል፣ አንዳንዱ ላይ ቀን አለ፣ አንዳንዱ ላይ ለሴት የተጻፈ ቃል አለ። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች የት የት እንደነበሩ፣ ማን ምን ይሰማ እንደነበር የጻፈ መጽሐፍ እኔ አላጋጠመኝም፤ የተጻፈው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። አንቺ ሻጋታ አይተሽበት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ትልኪዋለሽ። 500 ዓይነት ሸክላ ብለሽ ቆጠርሽ፤ ቁጥሩ ትክክል ይሁን። የጎረቤቴ እናት ስም ያለበት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በአንቺ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

ደግሞስ ይህን የምትጽፊው ለማን ነው? እዚህ ሕንፃ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሴቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ የሚወጡበት ቀን አለ። ሰው ያንቺን ጽሑፍ አንብቦ የሚይዘው «ይታጠብ» የሚለውን ነው። ዲስቲልዱን አይይዝም፣ ክዳኑን አይይዝም፣ መታጠቢያ ክፍሉን አይይዝም። ያቺም ልጅ ሸክላ በውሃ እንደሚታጠብ ከአንድ ሰው ሰምታ ነው። የነገራት ሰው የቀረውን ነግሯት ይሆናል፣ አላውቅም፤ ጆሮዋ የያዘው ማጠብን ብቻ ነው። አስተማሪ ሆኜ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ሰው ከትምህርት ውስጥ የሚቀናውን መርጦ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

የቀሩትን ሸክላዎች ጎረቤቴ እኔ ዘንድ አስቀምጣለች። ከእነወረቀታቸው ናቸው፣ አቧራቸውም ላያቸው ላይ ነው። ወንድሟ ከውጭ ሲመጣ አብረው ወረቀቱን ያነባሉ፤ ያ ሁለተኛው ስም ሌላም ቦታ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጋሉ። እስከዚያ ድረስ ለአንቺም ቢሆን አልሰጥም።